በር የሚወድቀው ከእግሩ ነው

ሳንጃ ላይ ወይም ገንዳ ውኃ ላይ የግቢ በር ሊያሠራ የተነሣ ሰው በያጁ ዘንድ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የላሜራውን ውፍረት ነው። «ስንት ሚሊ ነው?» ይላል። 1 ሚሊ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል፤ 1.5 ሲባል ልቡ ይረጋል። የዋጋው ክርክርም ሆነ የጎረቤቱ አድናቆት በዚያች ቁጥር ዙሪያ ይዞራል። ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ያው በር ሲከፈት መሬት ይጭራል፤ ሲዘጋ በትከሻ ካልተገፋ እሺ አይልም፤ መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ስቶ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ላሜራው ቢታይ አልተቀደደም፣ አልበሰበሰም፣ ቀለሙ ብቻ ትንሽ ደብዝዟል። ያዘነበለው ቋሚው ነው። በአርማጭሆና በመተማ ቆላ ጠንካራ በር የሚፈልግ ሰው የዕቃ ምርጫውን ከመሬቱ ቢጀምር፣ ከዚያ ወደ ቋሚው፣ ከዚያ ወደ ማጠፊያው፣ በመጨረሻም ወደ ላሜራው ቢወጣ፣ ገንዘቡንም በዚያው ቅደም ተከተል ቢያፈስ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ አለኝ። የተለመደው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከጎንደር በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ጥሎ ቆላው ላይ ሲደርስ፣ በሌላም አቅጣጫ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ሜዳ ላይ፣ በሰፊው የተነጠፈው ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካ ይባላል። ሰሊጡን፣ ማሽላውንና ጥጡን የሚያበቅል፣ ለገበሬ የተባረከ አፈር ነው። ለግንበኛ ግን ፈተና ነው። በውስጡ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ውኃው ሲተን ይኮማተራል። በክረምቱ ዝናብ አብጦ ይነሣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ እየደረቀ ይሄድና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክንድ በማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ የተተከለ የበር ቋሚ በዚህ አፈር ላይ ከመንሳፈፍ የተሻለ ነገር የለውም። ሁለቱ ቋሚዎች እኩል ቢነሡና እኩል ቢወርዱ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን አንዱ በጣሪያ ፍሳሽ ወይም በቧንቧ ውኃ በኩል ሆኖ እርጥበት አይለየውም፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። አፈሩ ከሥራቸው የሚሠራው ሥራ ለየቅል ነው። ቋሚው ወደ በሩ መሐል አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ ያም በዓይን እንኳ የማይለይ ነገር ነው፣ በ2.20 ሜትር ከፍታ ላይ ጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከቦታው ይሸሻል። የ2 ሜትር መዝጊያ ዳርም ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። መቀርቀሪያ ቀዳዳውን ለመሳት የዚህ ሩብ ይበቃዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃ ጠጠር፣ አሸዋና ስሚንቶ ነው። የዋልካው ማበጥና መኮማተር ከላይ ይበረታል፣ ወደ ታች እየደከመ ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ቢያንስ 1 ሜትር ጠልቆ፣ ቢቻል ጠንካራ አፈር ወይም ዓለት ቢነካ የተሻለ ነው። ዓለቱ ሩቅ ከሆነ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ ጥቁሩን አፈር ማውጣትና ዙሪያውን በገረጋንቲ እየጠቀጠቁ መሙላት ይጠቅማል፤ ገረጋንቲ ውኃ ቢጠጣም አያብጥም። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን ሁለቱን ቋሚዎች ማያያዝ ነው። በበሩ ሥር፣ ከአንዱ ቋሚ መሠረት እስከ ሌላው፣ ፌሮ የታሰረበት የኮንክሪት ማሰሪያ ቢዘረጋ ሁለቱ ቋሚዎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ይሆናሉ፤ አፈሩ ቢያንቀሳቅሳቸው እንኳ አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይለይም። አሸዋው ደግሞ መፈተን አለበት። ከወንዝ ዳር የሚቀዳ አሸዋ ጭቃ ከቀላቀለ ኮንክሪቱ ይደክማል። ፈተናው ከባድ አይደለም፤ የውኃ ፕላስቲክ እስከ ግማሹ በአሸዋ ሞልቶ፣ ውኃ ጨምሮ፣ በደንብ በጥብጦ ማሳደር ነው። ጠዋት ላይ ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከታየ አሸዋው ሳይታጠብ አይገባም። አንድ እጅ ስሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር የተለመደው ልክ ነው፤ ውኃው ሲበዛ ማቡካቱ ይቀላል፣ ኮንክሪቱ ግን ይደክማል። በቆላው ፀሐይ ደግሞ ኮንክሪት ውኃውን ሳይጠጣ ይደርቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት ግዴታ ነው፤ በማግሥቱ በር የሚያንጠለጥል ሰው የገዛውን ስሚንቶ ግማሽ እንደ ጣለው ይቁጠረው።

ቋሚው ከምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲመጣ እንጨት አስቀድሞ ይነሣል፤ ርካሽም ነው፣ የአገርም ነው። እዚህ ላይ የቆላው ሁለተኛ ጠላት ይመጣል። ምስጥ የሚሠራው ከውስጥ ነው። ከደጋ ተጭኖ የመጣ የባሕር ዛፍ ግንድ መሬት ውስጥ ሲተከል ምስጡ ከሥር ገብቶ ልቡን እየበላ ይወጣል፤ ቅርፊቱንና ቀለሙን ግን ይተወዋል። ባለቤቱ ቋሚዬ ደኅና ነው ብሎ ይኖርና አንድ ቀን በነፋስ ሲገነደስ ውስጡ አፈር ሆኖ ያገኘዋል። የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፣ ጫፉ በእሳት ይለበለባል የሚል ሰው አለ። ሁለቱም ጥቂት ጊዜ ይገዛሉ፤ ዘይቱ ከላይ ተለብጦ ይቀራል እንጂ ወደ ልቡ አይዘልቅም፣ እሳቱም የሚያከስለው ውጩን ነው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። የመብራት ምሰሶ የሚሆነው ባሕር ዛፍ የሚቆየው መድኃኒቱ በግፊት ወደ ውስጥ ስለሚነከርበት ነው፤ ያንን በብሩሽ መተካት አይቻልም።

ለምስጥ የማይበገር የአገር እንጨት አለ። ዞቢ የሚባለው ጥቁር ልብ ያለው ዛፍ ውኃ ላይ ቢጣል የሚሰጥም ጥብቅ እንጨት አለው፤ በዓለም ገበያ ክላርኔት የሚሠራበትና በውድ ዋጋ የሚፈለገው ያው ዘር ነው። ክርክራም ለቤት ቋሚ ሲያገለግል የኖረ ጠንካራ እንጨት ነው። ነገር ግን ዞቢ ብዙ ጊዜ አጭርና ጠማማ ነው፤ ለማደግም ዘመን ይፈጃል። ለአንድ በር ሁለት ቀጥ ያለ ግንድ ለማግኘት ስንት ዛፍ እንደሚወድቅ ማሰብ ነው። የዕጣን ዛፍማ ጨርሶ መነሣት የለበትም። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ለቋሚነት አይሆንም፤ ቆሞ የሚያፈሰው ሙጫ ግን የመተማ ቆላ ሀብት ነው። ከደጋ ጽድ ይምጣ የሚል ካለ፣ ጽድ ምስጥን የሚቋቋም ግሩም እንጨት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ፤ ያ ክልከላ የመጣው ዛፉ እያለቀ መሆኑ ስለታየ ነው። እኔ እንጨትን ለከብት በረትና ለማሳ በር እተወዋለሁ፤ እዚያ ቋሚው በአምስት ዓመቱ ቢቀየር ማንም አይጎዳም። ለመዝጊያ ሙሊት ደግሞ ሽመል አለ። የቆላው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ክፍት አይደለም፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ ከብረት ፍሬም ውስጥ ተደርድሮ መሬት ሳይነካ ቢታሰር ቀላልና ጠንካራ ነው። ነቀዝ የሚወድቅበት ጮርቃ ሆኖ ሲቆረጥ ስለሆነ የበሰለው ተመርጦ በበጋ ይቆረጥ።

እግረ መንገዳችንን፣ በዚህ ምድር የኖረው ጥንታዊ በር ማጠፊያ እንኳ አልነበረውም። የእሾህ አጥር መግቢያው ላይ ሌላ የእሾህ ቅርንጫፍ ይጎተትና ይደፈናል፤ ጠዋት ከግንዱ ተይዞ ይሳባል። የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለው የሚያዘነብልም ነገር የለውም። ድክመቱ እሳት ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ከተማዋ በዘሪባ፣ በእሾህ አጥር፣ ተከብባ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር በአንድ ወገን አተኩሮ ዘሪባውን በእሳት አያይዞ ሰብሮ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ባይመቱ ኖሮ ድሉ የጦሩ ነበር ይባላል። የጎንደር ነገሥታት በበኩላቸው ግቢያቸውን በድንጋይ ከልለው አሥራ ሁለት በር አወጡለት፤ ለእያንዳንዱም ስም ሰጡት። እሳቱ ዛሬም አለ። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሰደድ እሳት ከማሳ ማሳ ይዘላል፤ የሰሊጥ መጋዘን ያለው ካምፕ የእንጨት ቋሚና የሣር አጥር አንድ ላይ ይዞ መቀመጡ አደጋ ነው። የጎንደሩ ትምህርትም አልጠፋም። ድንጋይ በአቅራቢያ ለሚያገኝ ሰው ግንብ ቋሚ መልካም ምርጫ ነው፤ ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 2.20 ሜትር የሚቆም ግንብ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በሩ ሲጎትተው በክብደቱ ብቻ ይመክታል። ሸክሙ ግን ሁሉ ዋልካው ላይ ነውና መሠረቱ ካልጠለቀ ግንቡ ራሱ ይሰነጠቃል።

ከእንጨት ይልቅ ብረት የተሻለ ነው የምለው በዚህ አካባቢ ጠላቱ ደካማ ስለሆነ ነው። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው፤ ጨው ሲጨመር ዝገቱ ይፈጥናል። ሳንጃ ከባሕር እጅግ ሩቅ ናት፤ እንደ ምጽዋ ወይም እንደ ጅቡቲ ጨዋማ ነፋስ አይነካትም። የዓመቱ ብዙው ክፍል ደረቅ ነው። ዝገት በክረምት መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ሲሆን ምስጥ ግን የቤቱ ሰው ነው። የሚያስፈራው ውኃ ተኝቶ የሚቀርባቸው ጥቂት ቦታዎች ናቸው፦ ቋሚው ከመሬት የሚወጣበት መስመር፣ የመዝጊያው የታችኛው ጠርዝ፣ ያልተደፈነ የቱቦላሬ አፍ፣ የብየዳው ጠባሳ። ቋሚው ዙሪያ ኮንክሪቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ውጭ ቢያዘነብል ውኃ አይተኛም። የቱቦላሬው አናት ይደፈን፤ የመዝጊያው ግርጌ ላይ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳ ይበሳ፣ የገባ ውኃ ይውጣበት። (የበያጁን ቃላት ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ያያል፤ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ቱቦላሬ፣ የእንጨቱ ሞራሌ ሳይቀር ከጣሊያን አፍ የቀሩ ናቸው። ቋሚ፣ መቀርቀሪያ፣ መዝጊያ ግን የራሳችን ናቸው፤ ዕቃው ከውጭ ሲመጣ አሠራሩ ግን ከቤት የነበረ ይመስላል።) ዚንክ የተነከረ ብረት ቢገኝ ዋጋው ያዋጣል፤ ነገር ግን በብየዳ ጊዜ ዚንኩ ይቃጠላልና ቦታው ተፍቆ የዝገት መከላከያ ይቀባ፤ በያጁም ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ቆሞ ጭሱን ይሽሽ፣ ትኩሳት የሚያመጣ ጭስ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ቀላልም ነው፤ ሆኖም ውድ ነው፣ በቀላሉ ይጎብጣል፣ የሚበይደውም ሰው በየሰፈሩ አይገኝም።

አሁን ወደ ላሜራው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቁጥር ይናገር። የብረት ላሜራ በ1 ሚሊ ውፍረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 4 ሜትር ስፋትና 2.20 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ሁለት መዝጊያ በር 8.8 ካሬ ሜትር ነው። በ1 ሚሊ ላሜራው ብቻ 69 ኪሎ፣ በ1.5 ሚሊ 104 ኪሎ ይሆናል። ፍሬሙ ሲጨመር አንዱ መዝጊያ ባለ 1 ሚሊ ከሆነ ወደ 80 ኪሎ፣ ባለ 1.5 ከሆነ ወደ 97 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ክብደት ቋሚውን የሚጎትተው እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ሚዛን ክንድ ነው። ማጠፊያዎቹ በ1.60 ሜትር ተራርቀው ከተበየዱ፣ ባለ 80 ኪሎው መዝጊያ የላይኛውን ማጠፊያ በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ይስበዋል፤ ባለ 97ቱ በ60 ኪሎ። ያ ሁሉ ሌሊትም ቀንም፣ ዓመት ከዓመት ነው። በዚያ ላይ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በመዝጊያው ዳር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ፣ በየትኛው ሰፈር ነው የማይወዛወዘው፣ ከ37 ኪሎ በላይ ይጨመራል። ማጠፊያዎቹን ማራራቅ ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ ነው፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ስቡ ይቀንሳል። ነፋስም አለ። ዝናቡ ሊገባ ሲል አቧራ አስቀድሞ የሚመጣው ነፋስ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ቢፈጥን፣ ድፍን የሆነ አንድ መዝጊያን ከመቶ ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ከላይ አንድ ክንድ ያህሉ በላሜራ ፈንታ በብረት ዘንግ ቢሠራ ነፋሱ መተላለፊያ ያገኛል፤ ግቢውም ይተነፍሳል።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ድንበር ላይ ነው የምንኖረው፤ ስስ ላሜራ ሌባን አያቆምም፣ ክፉ ቀን ቢመጣስ?» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ በዚህ አካባቢ ለኖረ ሰው በር ማለት እንቅልፍ ማለት ነው። ሆኖም ጥይትን 1 ሚሊም 1.5 ሚሊም አያቆመውም፤ በዚህ ረገድ ተጨማሪው ግማሽ ሚሊ ለልብ ማረፊያ ከመሆን አያልፍም። ሌባም ላሜራ ሲቀድ አይታይም፤ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የሚሄደው ወደ ቁልፉ፣ ወደ አጥሩ፣ አንዳንዴም ወደ ማጠፊያው ነው። ተሰክቶ የሚቀመጥ ማጠፊያ ያለውን በር ከሥሩ በአጠና ደግፎ ወደ ላይ በማንሣት መንቀል ይቻላል፤ ይህን የሚከለክለው ከላይኛው ማጠፊያ በላይ የሚበየድ አንዲት ቁራጭ ብረት ናት። መዝጊያውን የሚያጠነክረውም ፍሬሙ ነው። 1 ሚሊ ላሜራ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ድጋፍ ካገኘና በሰያፍ ከተወጠረ፣ ደጋፊ ከሌለው 1.5 ሚሊ የበለጠ አይጎብጥም። የእንጨት መዝጊያ የሚያሠራ ደግሞ የሰያፉን ድጋፍ አቅጣጫ ይጠንቀቅ፤ ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ዳር መውጣት አለበት። ተገልብጦ ከተመታ ሚስማሩን እየነቀለ ይወርዳል እንጂ አይሸከምም።

ሌላው ተቃውሞ የኪስ ነው። ስሚንቶና ፌሮ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ ለማይታይ ነገር ገንዘብ መቅበር ደግሞ ያናድዳል። እስቲ እንቁጠረው። ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ሁለት ጉድጓድና በመካከሉ የሚዘረጋው ማሰሪያ አንድ ላይ 1 ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ይፈልጋሉ። ይህም ወደ ሰባት ከረጢት ስሚንቶ፣ ማለት ሦስት ኩንታል ተኩል ነው። የላሜራው ልዩነት 35 ኪሎ ብረት ነበር፤ የእሱ ዋጋ የዚህን ስሚንቶ ከፊሉን ይከፍላል። ቀሪውን ያዘነበለ በር ለማቃናት በየሁለት ዓመቱ ለበያጅ የሚከፈለው ገንዘብ ይሸፍነዋል። የሰሊጥ ካምፕ ላለው ሰው ሒሳቡ ይበልጥ ግልጽ ነው። በሩ እጅግ የሚደክመው በጥቅምትና በኅዳር፣ አይሱዙና ትራክተር ሲመላለስ ነው፤ ዋልካው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከክረምት እብጠቱ መኮማተር ይጀምራል። ጭነት ቆሞ በር ሲገፋ የሚያልፈው ሰዓት ዋጋ አለው። ገንዘቡ በእውነት ካነሰም ይነስ፤ መሠረቱንና ቋሚውን ዘንድሮ አስጨርሶ፣ መዝጊያውን ለጊዜው ሽመል ሞልቶ፣ ላሜራውን ለከርሞ ማሳደር ይቻላል። ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ አይሠራም፤ የተሠራ ቋሚን ነቅሎ እንደገና መትከል ከአዲስ በር አያንስም።

ስለ ቀለም ብዙ የሚባል የለም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ሳይፋቅ፣ ቅባቱም ሳይጠረግ የተቀባ የዝገት መከላከያ ዓመት አይዘልቅም። ጥቁርና ቡና ዓይነት ቀለም የምዕራብ ፀሐይ የሚያርፍበትን በር ከሰዓት በኋላ እጅ የማያስነካ ያደርገዋል፤ ፈካ ያለው ይሻላል። መዝጊያው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ የክረምቱ ጭቃ ይገፋዋልና። በክፍተቱ እባብ ይገባል ለሚል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከግርጌው ማንጠልጠል ነው።

በር ያላችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ ከቋሚው አናት ቱንቢ አውርዱና ክሩ ግርጌው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በሚስማር ጫሩ። በነሐሴ መጨረሻ ያንኑ ድገሙት። በሁለቱ ጭረቶች መካከል ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተገኘ አዲስ ላሜራ አትግዙ፤ ቆፋሪ ጥሩ።